ፍጥረትን በእውነት ስለ መመልከት

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በባልንጀራው ላይ በሐሰት ቢመሰክር በደል መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ሰው ስለ ሐይቅ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ዛፍ በሐሰት ሊመሰክር ይችላልን? ቢመሰክርስ የሚጎዳው ማን ነው? ሐይቁ ክስ አይመሠርትም፤ ወፊቱም ከዳኛ ፊት ቀርባ አቤት አትልም። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ግን ጥያቄው የምግባር ጥያቄ እንደ ሆነ፣ ይኸውም ፍጥረትን በሐሰት ማየት የለመደ ዓይን ሰውንም በሐሰት ማየቱ እንደማይቀር፣ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አቅሜ በፈቀደ መጠን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩን ያነሣሣብኝ አንድ ወጣት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ ለነገራችን አያስፈልግምና። ወላጆቹ በአዊ ምድር በእርሻ የሚተዳደሩ ሲሆኑ እርሱ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ ይማራል። በዕረፍቱ ቀን ወደ ዘንገና ሐይቅ እየሄደ፣ ያነበበውንና ያሰበውን በአንድ ደብተር ሲጽፍ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ አንብበው ይፍረዱኝ» ብሎ ሰጠኝ። አነበብሁት፤ ደግሞም አነበብሁት። ጽሑፉ ያማረ ነው። መልስ የሚያስፈልገውም ያማረ በመሆኑ ነው፤ ያላማረ ስሕተት ማንንም አያስትምና።

ዘንገናን ላላየ ሰው ጥቂት ልናገር። ሐይቁ ከእንጅባራ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው ታላቅ መንገድ አጠገብ ይገኛል። በጥንት ዘመን የምድር ውስጥ እሳት ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ነውና ቅርጹ እንደ ምጣድ ክብ ነው። ዳሩን ዛፍ ከቦታል፤ በዛፉም ላይ ጦጣዎች ይዘላሉ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል ይሆናል። መንገደኛ ከላይ ሆኖ ሲያየው ትንሽ ኩሬ ይመስለዋል፤ ከእግሩ በታች ያለውን ገደል ውኃው ሸፍኖታልና አያስተውለውም። ነፋስ በሌለበት ጧት ሐይቁ ዛፉንና ሰማዩን መልሶ ያሳያል። ተማሪያችንም በዚህ ተማርኳል፤ አልፈርድበትም፤ እኔም ተማርኬአለሁ።

ያነበባቸው መጻሕፍት ስለ ፍጥረት ከተጻፉት መካከል በዓለም የታወቁ ናቸው። እዚህ የማነሣውን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንደኛው በ1789 የታተመው፣ ጊልበርት ዋይት የተባለ እንግሊዛዊ ካህን ሴልቦርን ስለምትባል መንደሩ ወፎችና እንስሳት በደብዳቤ መልክ የጻፈው ነው። ሁለተኛው በ1836 የወጣው የአሜሪካዊው የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው፣ ተማሪው ከሁሉ አብልጦ የሚወድደው፣ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በዋልደን ሐይቅ ዳር ስለ ኖረው ኑሮ በ1854 ያሳተመው ነው። ተማሪው በደብተሩ ሁሉ «ተፈጥሮ» እያለ ይጽፋል፤ እኛ ሽማግሎች «ፍጥረት» ማለት ይቀናናል። በቃሉ አልጣላውም። ዳሩ ግን ሰዋስው የተማረ ሰው ልብ ቢል፣ «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል ራሱ «ተፈጠረ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ተደራጊነትን የሚናገር ቃል ነው። ራሱን ያስገኘ ነገር እንዲህ ተብሎ አይጠራም። ይህን በመንገዴ አልፌ ወደ ነገሬ እመለሳለሁ።

ከእነዚህ መጻሕፍት ተነሥቶ ተማሪው «የራሴ ፍልስፍና» የሚለውን ደንግጓል። አሳቡን በራሴ ቃል አሳጥሬ ባቀርበው እንዲህ ነው፦ ሰው እውነተኛ የሚሆነው ብቻውን ሲሆን ነው፤ በከተማና በጉባኤ ያለ ሰው ጭምብል ለብሷል። ሐይቁም በጸጥታ የሚነግረኝ ለእኔ ሕግ ነው። ይህን ውበት ለማያይ ሰው፣ ይልቁንም ዛፍ ቆርጦ ከሰል ለሚያከስል፣ ምንም ዕዳ የለብኝም።

የመጀመሪያውን ቃል ፈጽሜ አልነቅፍም። አገራችን ብቸኝነትን ከጥንት ጀምሮ ታከብራለች፤ የጣና ደሴቶች ገዳማት የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ተማሪው ግን ምሳሌ አድርጎ ያቀረባቸው ሁለት ሰዎች እርሱ ያሰበውን አይመሰክሩለትም። አንደኛው «ሐተታ» በተባለው መጽሐፍ ስለ ራሱ የሚናገረው ዘርዓ ያዕቆብ ነው። የዚህን መጽሐፍ ጸሐፊ በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ማንም ይጻፈው፣ መጽሐፉ የሚተርከው ሰው ከተከዜ ወዲያ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ካሰበ በኋላ ከዋሻው ወጥቷል። ወደ እንፍራዝ ሄዶ፣ ለአንድ ባለጸጋ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖሯል፤ በቤቱ ታገለግል የነበረችውን ሴት አግብቶ፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ አትባልም ብሏል። ዋሻው ያስተማረውን የፈተነው በትዳር ነው።

ሁለተኛው ራሱ ቶሮ ነው። ተማሪው ቶሮን እንደ ባሕታዊ ይስለዋል። ነገር ግን ቶሮ ከሐምሌ 1845 እስከ መስከረም 1847፣ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል፣ የተቀመጠባት ጎጆ ከኮንኮርድ ከተማ ሰው በእግሩ በግማሽ ሰዓት የሚደርስባት ነበረች። መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን ነበረ። ለጎጆዋ ያወጣውን 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል እስከ ምስማሩ ድረስ ቆጥሮ ጽፎታል። በውስጧም ሦስት ወንበር ነበረ እንጂ አንድ አልነበረም። በ1846 ሐምሌ ወር ያሰፋውን ጫማ ከጫማ ሰፊ ለመቀበል ወደ ከተማ ሲሄድ ተይዞ አንድ ሌሊት ታሰረ፤ ባሪያ ለሚያሸጥና በሜክሲኮ ላይ ጦር ላነሣ መንግሥት ግብር አልከፍልም ብሎ ነበርና። ከባርነት ለሸሹ ሰዎችም መሸሸጊያና መንገድ በመስጠት ረድቷል። እንግዲህ ይህ ሰው ወደ ሐይቅ የሄደው ከሰው ዕዳ ለማምለጥ ነውን? አይመስለኝም። ዕዳው የቱ እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ የሄደ ይመስላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና በእርሱ ላይ ጥቂት እቆያለሁ።

ተማሪው «ሐይቁ የሚነግረኝ» ይላል። እኔ ደብተሩን ሳነብ ሐይቁ የነገረውን ሁሉ በጠርዝ ላይ እያሰመርሁ ሄድሁ። ከአባቱ ጋር በተጣላበት ሰሞን ሐይቁ «የተቈጣ» ነው። ፈተናውን ባለፈበት ሳምንት ሐይቁ «ፈገግ» ብሏል። አንዲት ልጅ ደብዳቤውን ሳትመልስለት በቀረችበት ጊዜ ሐይቁ «የተተወ» ነው። አንባቢ ሆይ፤ በእነዚህ ሦስት ወራት የዘንገና ውኃ አልተለወጠም። የተለወጠው ተማሪው ነው። ሐይቁ መስተዋት ሆኖለት የራሱን ፊት ሲያይ ቆይቶ፣ የራሱን ድምፅ ሕግ ብሎ ተቀበለው። ይህ ግን ከባድ ነገር ነው፤ ሰው የራሱን ፈቃድ «ሐይቁ ነገረኝ» ብሎ ሲያቀርብ የሚከራከረው አይገኝምና። «እኔ ፈለግሁ» ቢል፣ አባቱም ወዳጁም ይመልስለት ነበር።

ቶሮ በዚያው ሐይቅ ዳር ምን እንዳደረገ ተማሪው ዘሎታል። የኮንኮርድ ሰዎች ዋልደን መጨረሻ የለውም ይሉ ነበር። ጥልቅ ውኃ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ወሬ አይጠፋም፤ በእኛም አገር ወለል የለውም የማይባል ጥልቅ ሐይቅ ማግኘት ያስቸግራል። ቶሮ ወሬውን አላጣጣለም፤ ተቀብሎም አላደነቀም። በ1846 መጀመሪያ፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሰው በላዩ በሚሄድበት ወራት፣ በረዶውን እየበሳ፣ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ወደ ታች አወረደ። ከመቶ በላይ በሚሆን ስፍራ ለካ። መጨረሻ የለውም የተባለው ሐይቅ 102 ጫማ፣ ይኸውም 31 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። የዘንገና አምስተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። የሐይቁንም ካርታ ሠራ። ስለ ነፍስ፣ ስለ ጧት ብርሃን፣ ስለ ቀላል ኑሮ የጻፈውን ሁሉ የጻፈው ይህ ገመድ የያዘ እጅ ነው። ገመዱን ትቶ ብርሃኑን ብቻ የሚወስድ ተማሪ ግማሹን ሰው ወስዷል፤ የወሰደውም ቀላሉን ግማሽ ነው።

ይህ ስሕተት የፈረንጅ መጻሕፍት ያመጡብን አዲስ ነገር አይደለም። ከግሪክ ወደ ግእዝ በጥንት ዘመን የተተረጎመ «ፊሳልጎስ» የሚባል መጽሐፍ አለን። የአንበሳን፣ የንስርን፣ የእባብንና የሌሎችን እንስሳት ጠባይ እየተናገረ ለእያንዳንዱ መንፈሳዊ ምሥጢር ይሰጣል። ፔሊካን ስለሚሉት፣ ከምንቃሩ በታች ከረጢት ስላለው ትልቅ የውኃ ወፍ ሲናገር፣ ጫጩቶቿ ከሞቱ በኋላ ጎኗን ወግታ በደሟ ታስነሣቸዋለች ይላል። ምሥጢሩ ለሚያምን ሰው ልብ የሚነካ ነው። ይሁን እንጂ ይህችን ወፍ በጣና ሐይቅ ላይ ያየ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ጫጩቶቿን ምን እንደምታበላ ያውቃል፤ የምታበላው ዓሣ ነው። እውነት የሆነ ትምህርት እውነት ባልሆነ ወፍ ላይ ሲቆም፣ ወፏን የሚያውቅ ሰው ትምህርቱንም አብሮ ይጠራጠራል። ስለዚህ ወፏን በሐሰት መመስከር ማንንም አይጎዳም ያልን እንደ ሆነ ተሳስተናል።

በዚያው ወገን ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እናስብ። ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ቤት የሸሸው ያሬድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲሞክር አየ ይባላል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ። ከዚህ በኋላ ያሬድ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ግን አንድ ነገር እናልፈዋለን። ያሬድ ቆጥሯል። ትሉ ወደቀ፣ ተነሣ ብቻ አላለም፤ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ እስኪያውቅ ድረስ ዓይኑን ከትሉ ላይ አላነሣም። ሐዘንተኛ ልጅ ነበረና ከፊተኛው ውድቀት በኋላ «ትሉም እንደ እኔ ተስፋ የለውም» ብሎ ዓይኑን ቢመልስ፣ ትሉ የሚነግረው የገዛ ሐዘኑን ብቻ ይሆን ነበር። እስከ ሰባተኛው ስለ ጠበቀ ግን ትሉ ያሬድ ያላሰበውን ነገር አስተማረው። ከመስተዋት የተለየ ነገር መሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ መስተዋት ያላሰብኸውን አይነግርህም።

ጊልበርት ዋይትም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በጊዜው ሰዎች አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ ናቸው ብለው የሚያልፏቸውን ትናንሽ ወፎች ዜማቸውን በጥንቃቄ አድምጦ ሦስት ወገን እንደ ሆኑ ለየ። ነገር ግን ሳይፈታው የሞተ ጥያቄ ነበረው። ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ክንፏ የሾለ፣ በቤት ክዳን ሥር በጭቃ የምትሠራ ያች ትንሽ ወፍ በክረምት ብርድ ወዴት ትሄዳለች? ወደ ሩቅ አገር ትሄዳለች ወይስ በጉድጓድ ተሸሽጋ ታንቀላፋለች? ዋይት ሁለቱንም አሳብ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ፈለገ፤ ያላየውን አየሁ ብሎ አልጻፈም። ከእርሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1911 በእንግሊዝ አገር እግሯ ላይ ቀለበት የተደረገላት አንዲት ወፍ በ1912 ታኅሣሥ በደቡብ አፍሪካ ተገኘች። መልሱ ወደ አፍሪካ ትሄዳለች የሚለው ነበር። እንዲህ ያሉ ወፎች በሚመጡበት ወራት የአገራችንን ሐይቆች ውኃ እየነኩ ያልፋሉ። ዋይት ያላገኘው መልስ በእኛ ልጆች ራስ ላይ ሲበር ኖሯል፤ ጥያቄው እንዳለ ግን አላወቅንም።

እዚህ ላይ ተማሪው ራሱ ያነሣውን የጄምስ ብሩስን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ስፍራው ለእኛ ቅርብ ነውና። ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ኅዳር ወር ከአዊ ምሥራቅ በሰከላ ምድር ወደምትገኘው ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ ደረሰ። ራሱ እንደ ጻፈው፣ ነገሥታት በሠራዊት ፈልገው ያጡትን እኔ አገኘሁ ብሎ ተደሰተ፤ ወዲያውም ልቡ ወደቀና በኀዘን ተያዘ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1618 ይህንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር፤ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የፓኤዝን ምስክርነት አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። ፊተኛ መሆን ነበረበትና። ከሁለቱም በፊት በዚያ የሚኖሩት አገዎች ምንጩን ያውቁት፣ ያከብሩትም ነበር፤ ጠባቂውን ክፍለ ዓባይ የተባለውን ሽማግሌ ብሩስ ራሱ በስሙ ጠርቶታል። ትንሿን ምንጭ የራሱ ክብር መስተዋት ያደረገ ዓይን፣ ከፊቱ የመጣውን ሰው ሐሰተኛ ለማለት ተገደደ። ስለ ውኃ የተሰጠ ሐሰተኛ ምስክርነት ስለ ሰው ወደ ተሰጠ ሐሰተኛ ምስክርነት እንዴት እንደሚያልፍ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም።

ለብሩስ ሲባል ግን ሁሉን ተጓዥ መንቀፍ አይገባም። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን በእግርና በበቅሎ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ ተከትሎ፣ የወንዙን ጠመዝማዛ መንገድ በካርታ ላይ አስተካክሎ፣ በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። እርሱም የመንግሥቱን ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ሆኖም ያየውን ካላየው ለይቶ ለመጻፍ ስለ ደከመ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይጠቅማል። የዳንግላ ልጆች ስለ ገዛ አገራቸው የተጻፈውን ይህን መጽሐፍ ከዋልደን አስቀድመው ቢያነቡት መልካም ይመስለኛል።

እንግዲህ ሦስተኛው ቃል ቀረ፤ ይኸውም «ለከሰል አክሳይ ምንም ዕዳ የለብኝም» ያለው ነው።

በአዊ ተራሮች የሚያልፍ ሰው ዛሬ ብዙ የሚያየው ዛፍ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለው፣ መነሻው አውስትራልያ የሆነ የግራር ወገን ነው። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ይልቁንም በዝቷል። ገበሬው ችግኙን አፍልቶ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ እህል ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ለከብቱ ሣር ያጭዳል። በአራት ወይም በአምስት ዓመት ዛፉ ይቆረጣል። እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ቀስ እያለ ይከስላል። ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ በመኪና ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። የዛፉ ሥር የደከመውን አፈር ያጠነክራል። ሰው ራሱ የተከለው ዛፍ ሲኖረውም የአገሩ ዛፍ ፋታ ያገኛል።

ተማሪው በደብተሩ እነዚህን ሰዎች «የተፈጥሮ ጠላቶች» ይላቸዋል፤ ጭሱ የሐይቁን ጧት እንዳበላሸበት በብዙ ምሬት ይጽፋል። የጻፈውን ካነበብሁ በኋላ ጠርቼው፣ «ልጄ፣ ይህን ደብተር በየትኛው ገንዘብ ገዛኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቆይቶ ግን፣ አባቱ አንድ ጥማድ ዲከረንስ ሸጦ ለትምህርቱ እንደ ላከለት ነገረኝ። ጧት ሐይቅ ዳር ለመቀመጥ ሲወጣ እናቱ የምታፈላለትም ቡና በዚያው ከሰል ነው። እንግዲህ ጭሱን አይቷል፤ ከጭሱ ሥር ያለውን ሰው ግን አላየም። አባቱ ነበረና።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስል ከሰል አክሳዩን ሁሉ ጻድቅ ማድረጌ አይደለም። እርሱም ስለ ዛፉ በሐሰት ሊመሰክር ይችላል። ዲከረንስ ምንም ጉዳት የለውም የሚል ሰው እውነቱን ሁሉ አልተናገረም። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ኮረብታውን ሲሸፍነው ለአንድ በሽታ የተመቻቸ ማዕድ ይሆናል። እንደ ተፈራውም በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚመስል በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አደረቀ፤ ኑሮውን ሁሉ በዚህ ዛፍ ላይ የጣለው ገበሬ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አክሳዩም ሌሊቱን ጭስ ሲስብ ያድራል፤ ሳሉን የሚሰማው ሚስቱ ናት እንጂ ከሰሉን የሚገዛው የከተማ ሰው አይደለም። የከተማ ሰው ደግሞ ከሰሉን በተዘጋ ቤት አያይዞ በመተኛት ነፍሱን ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ የአንዱ ዛፍ ታሪክ ናቸው። «ጠላት» በሚል በአንድ ቃል ሊዘጋቸው የሚፈልግ ዓይን፣ ሐይቁን «የተቈጣ» ብሎ የዘጋው ያው ዓይን ነው።

ስለ ዕዳው ተማሪውን የጠየቅሁት ውበትን እንዲተው አይደለም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ስለ ነገ ከመጨነቅ ሊያድናቸው በፈለገ ጊዜ ዓይናቸውን ወደ ወፎችና ወደ ሜዳ አበባ መለሰ። የተጨነቀ ሰው ወደ ወፍ እንዲመለከት መታዘዙ ያስደንቀኛል። ነገር ግን ትእዛዙ የሰውን ጭንቀት ለወፏ እንዲሰጧት አይደለም፤ ወፏን እንደ ኑሮዋ እንዲያዩአት ነው። የሚያዩአትም ሰዎች ከዚያ ወደ ተራበ ሕዝብ የሚመለሱ ነበሩ።

ተማሪው አንድ ብርቱ መልስ መለሰልኝ፤ ብርቱ ስለ ሆነ አልሰውረውም። «ጋሼ፣» አለ፤ «ሁሉን ከለካሁ፣ ሁሉን ከቆጠርሁ፣ ሁሉን ከጠየቅሁ መደነቅ ወዴት ይቀራል? እኔ ወደ ሐይቁ የምሄደው ከቁጥር ለማረፍ ነው።»

እውነት አለው። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው አለ፤ ሐይቅ ሲያይ ስንት ሰው ያዝናናል፣ ዛፍ ሲያይ ስንት ጆንያ ይወጣዋል የሚል። እንዲህ ያለው ሰው ቆጠረ እንጂ አላየም፤ ከተማሪያችን በብዙ ይከፋል። ሆኖም ስለ መደነቅ የምለው አለኝ። የዘንገናን ጥልቀት ከማወቄ አስቀድሞ «ጥልቅ ነው» ሲሉኝ፣ «አዎን፣ ጥልቅ ነው» ብዬ ዳሩ ላይ ቆሜ እንጀራዬን እበላ ነበር። 166 ሜትር ያህል መሆኑን በሰማሁ ጊዜ ግን ረጃጅም ባሕር ዛፎችን በአሳቤ አንዱን በአንዱ ላይ አቆምሁ። አራት ዛፍ ቢደራረብ የላይኛው ቅጠል ገና ውኃው ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳሩ ላይ ስቆም እግሬ ወደ ኋላ ይላል። መደነቅን ያመጣልኝ ቁጥሩ ነው።

የኢዮብ መጽሐፍም ለዚህ ይረዳኛል። ያ ጻድቅ ሰው መከራውን ከተናገረ፣ ከወዳጆቹም ጋር ብዙ ከተከራከረ በኋላ፣ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የመጣለት መልስ ስለ መከራው አንድም ቃል የለበትም። የሚጠይቀው የተራራ ፍየል የምትወልድበትን ወራት ቆጥረህ ታውቃለህን እያለ ነው፤ ስለ ሰጎን እንቁላል፣ ስለ ፈረስም ጉልበትና ድፍረት ነው። የአዊ ሰው ፈረስን ያውቃልና ያን ክፍል ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ኢዮብ በፍጥረት ውስጥ የራሱን ፊት አላገኘም፤ ከራሱ የሚበልጥ፣ ስለ እርሱ ያልተሠራ፣ በገዛ ሥርዓቱ የሚኖር ብዙ ነገር አገኘ። ያዳነውም ይህ ይመስለኛል። ተማሪው ይህን ሲሰማ አልተቃወመኝም፤ አልተስማማሁም ግን አለ። በዚህ ተለያየን።

ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ደግሞ አሳየኝ። አንድ አዲስ ገጽ ነበረበት። ከአባቱ ጋር ወደ ተክሉ ሄዶ የታመመውን ቅጠል በጣቱ ሲያሸው በጣቱ ላይ የቀረውን ቀይ ዳማ ትቢያ ጽፏል። በአንድ መስመር ካሉት 40 ዛፎች 27ቱ እንደ ታመሙ ቆጥሯል። በቦታው ምን ሊዘራ እንዳሰበ አባቱን ቢጠይቀው፣ አባቱ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ገብስ» እንዳለው፣ ስለ ዘሩ ዋጋም ሁለቱ እስኪመሽ እንደ ተነጋገሩ ጽፏል። አያቱ የሐይቁን ወፎች በአገውኛ የምትጠራባቸውን ስሞች ከግርጌ ደርድሯል፤ ከሁለቱ አጠገብ «ይህን ወፍ ገና አላየሁትም» የሚል አለበት። ስለ ዘንገና በዚያ ገጽ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጉም ስለ ነበረ ማዶው አልታየኝም ይላል።